«ለምን?» ያልተባለ ውሳኔ፦ ከሸህ ኾጀሌ ወርቅ እስከ ሸርቆሌ ወረዳ ማኅተም



ውድ አንባቢያን፣ ጉዳይ ይዞ ቀበሌ ወይም ወረዳ ሄዶ «አይቻልም» ያልተባለ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። «ለምን?» ስንል «ከላይ የመጣ ነው» እንባላለን። «እሺ በጽሑፍ ስጡኝ» ስንል ደግሞ «ነግረንሃል እኮ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» የሚል መልስ ይመጣል። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እንተወዋለን። ወይ የምናውቀው ሰው እንፈልጋለን፣ ወይ «ቀደር ነው» ብለን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ዛሬ የዚህን ነገር ታሪክ ላወራችሁ ነው። የአንድ ባለሥልጣን ውሳኔ ሕጋዊ የሚሆነው መቼ ነው? ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻ ይበቃል? ጥያቄውን ለሕግ ተማሪዎች መተው ይቻል ነበር። ግን መልሱ ፍንትው ብሎ የሚታይባት አንዲት የአገራችን ጥግ አለች። እሷም አሶሳ ናት፤ ከአሶሳ አልፎ ወደ ሱዳን ድንበር ሲኬድ ደግሞ ሸርቆሌ።

ሸርቆሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን ያለች ወረዳ ናት። ከኩርሙክ፣ ከሆሞሻና ከመንጌ ጋር ትጎራበታለች፤ በሌላው ጎኗ ሱዳን ነው። ስሟን የሰማችሁ ካላችሁ ምናልባት በስደተኞች ጣቢያዋ ይሆናል። ጣቢያው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 1997) ለሱዳን ስደተኞች የተከፈተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል የገቡ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብሏል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ በርታ ነው፤ በአብዛኛውም ሙስሊም ነው። አፈሩ ወርቅ አለው። ዛሬም ወንዶችም ሴቶችም ቆፍረውና አጥበው የሚኖሩበት ወርቅ ነው። የአካባቢውን ዕጣ ለ200 ዓመት ሲወስን የኖረውም ይኸው ወርቅ ነው።

የግብፁ መሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1821 የፉንጅን ሱልጣኔት ዋና ከተማ ሰናርን ሲይዝ፣ ወደ ደቡብ ወጥቶ እስከ ፋዙግሊና ቤኒሻንጉል ግድም የደረሰው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ከዚያ መህዲያ መጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሱዳን የመጡና ከበርታ ጋር የተጋቡ፣ «ወጣዊጥ» የሚባሉ የነጋዴ ቤተሰቦች የአካባቢው ገዢዎች ሆኑ። ሦስት ሸህነቶች ጎልተው ወጡ፦ ቤላ ሻንጉል፣ ኾሞሻና አቆልዲ፣ ማለትም የአሶሳው። የአሶሳው ገዢ ሸህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ይባሉ ነበር።

በ1890 ዓ.ም የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ወደዚያ ዘመተ፤ ሦስቱም ሸህነቶች ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ገቡ። በግንቦት 1894 ዓ.ም ደግሞ ምኒልክና እንግሊዝ በአዲስ አበባ የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ ቤኒሻንጉልም በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። በርታው ገበሬ አንድ ጠዋት ሲነሳ ዘመዱ ሌላ አገር ሆኖ አገኘው። ማንም አልጠየቀው። በጊዜው በየትኛውም የዓለም ክፍል ድንበር ሲሰመር ገበሬ የሚጠየቅበት ወግ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህንን ብቻ ነጥዬ ልወቅስ አልፈልግም።

የሸህ ኾጀሌ ነገር ግን ልብ ይባል። ሸህ ኾጀሌ ተይዘው አዲስ አበባ መጡ፤ ለዓመታት ታሰሩ። ከዚያ ተፈቱ፤ ግዛታቸውም ተመለሰላቸው፤ እንዲያውም ከቀድሞው ሰፍቶ። በየዓመቱ ለቤተ መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው ትልቁ የሸህ ኾጀሌ ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። እንግዲህ ያሰራቸውም ያስፈታቸውም የንጉሥ ፈቃድ ነው። የታሰሩበትን ምክንያት ተከራክረው ያስረቱበት ችሎት አልነበረም። የተፈቱትም ወርቁ ስለሚፈለግና አካባቢውን ያለ እሳቸው መግዛት ከባድ ስለሆነ እንጂ እስራቱ ስህተት ነው ተብሎ አይደለም። ዛሬ የፈታህ ሰው ነገ ቢያስርህ «ምን አድርጌ?» የምትልበት ቦታ የለም። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ እኛን የሚያሳፍረውን እንናገር። ሸህ ኾጀሌ ሙስሊም ስለነበሩ ታሪካቸውን በጥሩ ጎኑ ብቻ የሚያወሩ ወንድሞች አሉ። እኔ አልስማማም። ከሳቸው በታች ለነበረው በርታ፣ ጉሙዝና ማኦ የሸህዬው ቃል ልክ የንጉሡ ቃል ለሸህዬው እንደነበረው ነበር። ወርቁን የሚቆፍረው ድሃው ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው የባሪያ ንግድ ነበር፤ የሸህ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን ድንበር በኩል በሚደረገው የባሪያ ንግድ ስማቸው የታወቀ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሪያ ነጻ የሚወጣበትን ሥርዓት የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ወጣ እንጂ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሌሊት ከጎጆው ለተወሰደ ልጅ ማን ያነብለታል? አቤት የሚልበት ገዢ ራሱ የንግዱ ተጠቃሚ ከሆነ አዋጁ ለሱ ምኑ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ሸህዬው ያደጉበት እምነት የዚህን መድኃኒት ያውቅ ነበርና።

በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የኩፋ ሰዎች በአገረ ገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ሰዕድ ትልቅ ሶሐባ ናቸው፤ የቃዲሲያ ጦር መሪ። ከሳሾቹ ሶላት እንኳ በወጉ አያሰግድም እስከማለት ደረሱ። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ዑመር ሰዕድን ከሹመቱ አነሱት፤ ግን በዚያ አላበቁም። ጠርተው ጠየቁት፤ እሱም እንዴት እንደሚያሰግድ አስረዳ። ከዚያ ሰዎችን ወደ ኩፋ ልከው በየመስጂዱ ስለ እሱ አስጠየቁ። ከአንድ ሰፈር አንድ ሰው በቀር ሁሉም ስለ እሱ መልካም መሰከረ። ዑመር ከዓመታት በኋላ ቆስለው ሞት አፋፍ ላይ ሆነው፣ ሰዕድን ያነሳሁት አቅም አንሶት ወይም አጭበርብሮ አይደለም የሚል ቃል ትተው አለፉ።

ይህንን ታሪክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የዑመርን ጥብቅነት ብቻ ነው የምናደንቀው። እኔን የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው። ውሳኔው የኸሊፋው መብት ነበር፤ ሆኖም ምክንያቱ ሳይነገር ቢቀር የአንድ ሰው ስም እንደተበላሸ ይኖር ነበር። ለሌላ ሰው ሕይወት የሚተርፍ ውሳኔ የሰጠ ሰው ምክንያቱን የመናገር ዕዳ አለበት ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊን (ረ.ዐ) ለፍርድ ወደ የመን ሲልኩት የሁለተኛውን ወገን ሳትሰማ ለመጀመሪያው አትፍረድ ብለው አዘውታል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ይህ ነገር በመልካም ሰዎች ሥነ ምግባር ብቻ አልቀረም፤ መሥሪያ ቤት ሆነ። «መዛሊም» የሚባለው ችሎት ከቃዲው ችሎት የተለየ ነበር። ቃዲው ሁለት ተራ ሰዎችን ያፋርዳል፤ መዛሊም ግን ባለሥልጣንን ይጠይቃል። የባግዳዱ ዓሊም አል-ማወርዲ (እ.ኤ.አ. 1058 የሞቱት) ስለ አስተዳደር በጻፉት ታዋቂ ኪታብ የመዛሊምን ሥራዎች ሲዘረዝሩ ከሁሉ አስቀድመው ያነሱት የገዢዎችን ግፍ ነው፤ ይህንንም ለማየት ከሳሽ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም ይላሉ። ኑረዲን ዘንኪ ደማስቆ ላይ «ዳሩል ዐድል» የሚባል የፍትሕ ቤት ሲያሠሩ ደግሞ፣ ኢብኑል አሲር እንደሚተርኩት፣ የጦር አለቃው ሺርኩህ ቤቱ የሚሠራው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ገባው። ወኪሎቹን ሰብስቦ ያለአግባብ የያዛችሁትን የሰው ንብረት መልሱ አላቸው። ቤቱ ገና ሥራ ሳይጀምር ንብረት ተመለሰ! ውሳኔህን የሚያይ ሰው እንዳለ ማወቅ ብቻውን ውሳኔህን ያስተካክለዋል።

ወደ አሶሳ እንመለስ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ሕግ ከዚያ ጀምሮ ታትሞ የሚወጣበት ቦታ አገኘ። ሁለተኛው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ነው፤ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ እያለ ሥልጣንን በደረጃ አስቀመጠ። አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆነች። ባርነትም በዚያው ዓመት ነሐሴ በአዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1936 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 62 መልክ ያዙ። ግን አንድ ነገር እንለይ፦ ያኔም ሆነ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ጋብቻ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰለው ነው። የወረዳ ሹም መሬትህን ሲወስድ ቃዲው ምንም ሊያደርግልህ አይችልም። መዛሊም የሚባለው ክንፍ እኛ አገር አልመጣም።

ለወረዳ ሹም ውሳኔ የነበረው መድኃኒት ደጅ ጥናት ነው። የሸርቆሌ ሰው በሹሙ ቢበደል አሶሳ፣ ከዚያ ነቀምት፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ወርዶ ዙፋን ችሎት ፊት «አቤት!» ይላል። ነቀምት ብቻዋን ከአሶሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። አማርኛ የማይናገር፣ በእግሩ የሚሄድ በርታ ይህንን መንገድ እንዴት ይጨርሰዋል? በወረቀት ላይ ይግባኝ ነበረ፤ በተግባር ግን ይግባኙ የስንቅ ጉዳይ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ዙፋን ችሎቱም ቀረ። ከዚያ 1977 ዓ.ም ደረሰ፤ ድርቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፈረ። አሶሳ ከትልልቆቹ የሰፈራ ቦታዎች አንዷ ነበረች። ዛሬም በአሶሳ ዙሪያ ያሉ መንደሮች «አምባ» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩ።

ይህ ውሳኔ የማን ነው? በርታው «በመሬትህ ላይ ሰው ላስፍር ነው፣ ምን ትላለህ?» አልተባለም። ወሎዬውም በብዛት «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» አልተባለም፤ ተጭኖ የሄደ አለ፤ ቤተሰቡ ለሁለት የተከፈለበት አለ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን የሚመለከታቸው ሁለቱም ወገኖች ሳይሰሙ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ወሳኙ ከሥልጣን ወርዶ ሄደ፤ ያልተጠየቁት ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ቀሩ። ጁሙዓ ላይ አንድ ሶፍ ይቆማሉ፤ ከመስጂድ ሲወጡ ግን መሬቱ የማን እንደሆነ የሚናገር የሚያግባባ ወረቀት በመካከላቸው የለም።

ሂሳቡ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም በወጣው ሕገ መንግሥት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ተባሉ። ለበርታው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከግብፅ ጦር እስከ ደርግ ሌላው ሲወስንለት ለኖረ ሕዝብ በገዛ ዞኑ ራሱን ማስተዳደር ማለት ነው። በግንቦት 1992ቱ ምርጫ በአሶሳ ዞን ከሰፋሪውና ከሌላው ነዋሪ ወገን ለዕጩነት የቀረቡ ሰዎች ነበሩ። ተቃውሞ ቀረበባቸው፤ በርትኛ አይችሉም የሚል። የያኔው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 በአንቀጽ 38 ዕጩ የሚሆን ሰው የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። ምርጫ ቦርድ ተቃውሞውን ተቀብሎ ዕጩዎቹን ከውድድር አስወጣቸው።

የሚገርም አጋጣሚ አለ። በሕገ መንግሥቱም ማንኛውም ዜጋ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው የሚለው አንቀጽ ቁጥሩ 38 ነው። አንቀጽ 38 ከአንቀጽ 38 ጋር ተጋጨ። ነዋሪዎቹ ይህንን ይዘው ከምርጫው በፊት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት አሉ። እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን ይህ ምክር ቤት መሆኑን ልብ በሉ።

ጉዳዩ መጀመሪያ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመራ። ጉባኤው ራሱ ተከፋፈለ። አብላጫው የቋንቋ ግዴታው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ፤ ጥቂቶቹ አይቃረንም አሉ። የጥቂቶቹም ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ የሚወክለውን ሕዝብ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሕዝቡን እንዴት ይሰማል? ከበርታ እናት ጋር በአስተርጓሚ ሊያወራ ነው?

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመጋቢት 1995 ዓ.ም ወሰነ። ሁለቱንም ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልያዘም። አንድ የምክር ቤት አባል ምክር ቤቱ የሚሠራበትን ቋንቋ ማወቅ አለበት፤ ያለዚያ መከራከርም ሕግ ማውጣትም አይችልም፤ ስለዚህ ቋንቋ መጠየቁ በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ነገር ግን የሚጠየቀው ቋንቋ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። እነዚህ ሰዎች በርትኛ ስላልቻሉ መከልከላቸው ስለዚህ ትክክል አልነበረም።

በሕግ ዓይን ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ። ሕጉን ሳያፈርስ አተገባበሩን አረመ። ምክንያቱን አስቀመጠ። የበርታውንም ሥጋት ንቆ አላለፈውም፤ ምንም እንኳ አማርኛ የሥራ ቋንቋ የሆነበት አካሄድ ራሱ ለበርታው የሚቆጠቁጥ ቢሆንም። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዲስ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 532 ላይም «የሥራ ቋንቋ» የሚለው አነጋገር ገባ። አንድ የአሶሳ አቤቱታ የአገሪቱን ሕግ ቃል ቀየረ ማለት ይቻላል።

ግን ቀኑን ተመልከቱ። ምርጫው ግንቦት 1992፤ ውሳኔው መጋቢት 1995። ወደ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር የቀረው ጊዜ። በዚህ መካከል ድምፅ ተሰጥቷል፣ ምክር ቤቱ ተመሥርቷል፣ በጀት ጸድቋል፣ ሕግ ወጥቷል። የተከለከሉት ሰዎች «መብታችሁ ነበር» ተባሉ። ነበር! አንድ ስህተት የሆነ የአስተዳደር ውሳኔ ይግባኙ እስኪሰማ ሥራውን ጨርሶ ሄደ።

ተማሪዎች ይህንን ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ቋንቋ ነው የሚከራከሩበት። እኔ ግን የጊዜ ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው። ውሳኔው ዕጩዎቹን ከማስወጣቱ በፊት «ሕጉ የሚለው የትኛውን ቋንቋ ነው?» የሚለው ተጠይቆ፣ ሁለቱም ወገን ተሰምቶ፣ መልሱ በምክንያት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በሳምንታት ውስጥ በታረመ ነበር። ካልሆነ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ምርጫው ሳያልፍ የሚወስንበት ቀነ ገደብ ቢኖር።

በ2005 ዓ.ም በዚያው ክልል፣ በካማሽ ዞን፣ ከዚህም የከፋ ነገር ታየ። ለዓመታት የኖሩ የአማራ ተወላጅ ገበሬዎች ከያዙት መሬት ተነስተው እንዲወጡ ተደረገ። ነገሩ አገር ከሰማው በኋላ ክልሉ ራሱ ስህተት እንደነበር አምኖ እንዲመለሱ ወሰነ፤ በታችኛው እርከን የነበሩ ኃላፊዎችም ከቦታቸው ተነሱ። መመለሱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ የፈረሰበት፣ እህሉ የተበተነበት፣ ልጁ መንገድ ላይ የታመመበት ሰው «ስህተት ነበር» የሚለውን ቃል ምን ያደርገዋል? ሕገ መንግሥቱ እኮ በአንቀጽ 40 ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ሁለቱም ያኔም ተጽፈው ነበር። ያልነበረው፣ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት የሚያስቆመው ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት በከፊል የመጣው በ2012 ዓ.ም ነው። ለዓመታት ረቂቅ ሆኖ የኖረው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሆኖ ወጣ። አዋጁ ባለሥልጣን ከመወሰኑ በፊት የሚመለከተውን ሰው እንዲሰማ፣ ጥቅሙ ባለበት ጉዳይ ላይ እንዳይወስን፣ ውሳኔውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ ሳያጓትትም እንዲጨርስ ያዛል። ቅር ያለው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔው በሕግ መሠረት መሰጠቱን ማስመርመር ይችላል። መመሪያም ቢሆን ሳይመዘገብና ለሕዝብ ሳይገለጥ አይሠራም፤ ያ «የውስጥ መመሪያ ነው» የሚባለው ነገር መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ደስ ይላል አይደል? ቀጥሎ ያለውን ስሙ። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። የሸርቆሌን ወረዳ አይመለከትም። ክልሎች የራሳቸውን ሕግ እንዲያወጡ የተተወ ነው።

በወርቁ እንየው፤ የጀመርነው በወርቅ ነውና። ኩርሙክ ላይ እንደሚሠራው ያለ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፈቃዱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ኩባንያው ፈቃድ ቢከለከል ወይም ቢሰረዝበት በአዋጅ 1183 መሠረት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ጠበቃ ይዞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በአካፋና በገበቴ የሚቆፍረው የሸርቆሌ ልጅ ግን በማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን አምራች ነው፤ ፈቃዱም የክልል ሥልጣን ነው። የፌዴራሉ አዋጅ እሱ ጋ አይደርስም። ጠበቃ ያለው ሁለት መከላከያ አለው፤ ጠበቃ የሌለው አንድም የጎደለው ሆነ።

ባዶ እጁን ነው ማለቴ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ይህ ለሸርቆሌም ይሠራል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመላ አገሪቱ የጽሑፍ ማስታወቂያና ካሳ ይጠይቃል፤ ቅሬታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚም እንዲኖር ያዛል። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ግን 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ትእዛዙ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ ይመረምራል፣ ይመክራል፣ ውሳኔ መሻር ግን ሥልጣኑ አይደለም።

እንግዲህ እነዚህ በሮች ሁሉ የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነው፤ ውሳኔው በወረቀት መኖሩ። በቃል ለተባለ «አይቻልም» 30 ቀኑ ከመቼ ይቆጠራል? ዳኛው ምን ያየዋል? የወሰነው ሰው ሲቀየር «እኔ አላልኩም» ቢል ምስክሩ ማነው? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ሰምተን ስንት ጊዜ ባዶ እጃችንን ከቢሮ ወጥተናል? የመስጂድ ቦታ ጥያቄም ይሁን የመቃብር፣ የንግድ ፈቃድም ይሁን የቤት ካርታ፣ ጀማዓው ለዓመታት በሽማግሌ አፍ ብቻ ሲጠይቅና በቃል ሲመለስ ይኖራል። ከ10 ዓመት በኋላ ጠይቀን ነበር ለማለት እንኳ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ ቀጣዩን ጉዳያችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉት። ለኃላፊው በእጅ አትስጡ፤ መዝገብ ቤት አስገቡ። የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፣ ማኅተም አስደርጉ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ማመልከቻው የመጨረሻ መስመር ላይ «ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የምትል አንድ ዐረፍተ ነገር ትኑርበት። አንዱን ኮፒ ይዛችሁ ውጡ።